ስምንት ፉርጎና የእህቴ ሽማግሌዎች

አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ቤታችን ባቡር ገባ። መካነ ሰላምን የምታውቁ ትስቁ ይሆናል። በዚያን ጊዜ እንኳን ባቡር፣ የደሴው አውቶቡስም ክረምት ላይ ጭቃ ከያዘው ሁለት ሦስት ቀን ደብዛው ይጠፋ ነበር። እኔ ግን እውነቴን ነው። ከነሃዲዱ፣ ከነጣቢያው፣ ስምንት ፉርጎ ያለው ባቡር ነበረን፤ ያመጡልንም የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደምሴ ናቸው።

አያ ደምሴ ዕድሜያቸውን የፈጁት ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ነው። ባቡር ነጂ አልነበሩም፤ ትኬት ቆራጭም አልነበሩም። ተዘበራርቀው የሚመጡትን ፉርጎዎች እየለዩ፣ ይሄን ከዚያ እያያያዙ፣ በማግስቱ የሚነሳውን ባቡር ሰልፍ ማስያዝ ነበር ሥራቸው። እሳቸው በፈረንሳይኛው «ማኑቭር» ይሉታል። በግራ እጃቸው ሁለት ጣት ይጎድል ነበር፤ ፉርጎ ሲያያይዙ እዚያው የቀረ ነው። እኔና የሰፈር ልጆች የጣቶቹን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳስነገርናቸው እግዜር ይወቅ፤ በተናገሩት ቁጥር ባቡሩ እየረዘመ ይሄድ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ፣ ሚስትም ልጅም ስላልነበራቸው፣ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው እኛ ቤት ገቡ። የመጀመሪያውን ወር ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በደጋው ብርድ ሲያማርሩ ከረሙ። በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ከአናጢ ቤት የሰው ቁመት የሚያክል ሳንቃ አሸክመው መጡና ሳሎን ውስጥ ሁለት ሣጥን ላይ አጋደሙት። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣

«አያ ደምሴ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? አልጋ ነው?» አለቻቸው።

«ድሬዳዋ ነው» አሏት።

ሥራው ክረምቱን ሙሉ ፈጀ። ቀርከሃ ሰንጥቀን በቀጫጭን ሚስማር እየመታን ሃዲድ ዘረጋን። የፉርጎዎቹ ጎማ ከለስላሳ ቆርኪ ነበር። እኔ ከየሻይ ቤቱ ደጃፍ እለቅማለሁ፤ እሳቸው በመዶሻ ጠፍጥፈው መሃሉን ይበሱታል። የፉርጎዎቹ አካል ከጽድ እንጨት ነው፤ ሲላግ ሽታው ቤቱን ስለሚሞላው እናቴ «ቤቴን ደን አደረጋችሁት» ትል ነበር። ቀለሙን ደግሞ በር ከቀባ ጎረቤት፣ መስኮት ካስቀባ ባለሱቅ፣ ትራፊ ትራፊውን ለመንን። እስከ ዛሬ ያልደረቀ የዘይት ቀለም ሲሸተኝ እቆማለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኔና አያ ደምሴ ሳንቃው ላይ አጎንብሰን፣ ምላሳችንን በጥርሳችን ይዘን ስንቀባ ይታየኛል። በአሥር ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ሙሉ በአጠገባችን ባለፈች ቁጥር ቀለም የነካውን አፍንጫዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋልኝ ነበር የምታልፈው።

ፉርጎዎቹ እያንዳንዳቸው ጭነት ነበራቸው፤ ቡና፣ ጨው፣ ስኳር፣ ሲሚንቶ፣ ሙዝ፣ ነዳጅ፣ እንጨትና በግ። የበጉ ፉርጎ በጎኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ነበረው፤ የበሳሁት እኔ ነኝ።

ጨዋታው ሲያዩት ቀላል ነው። ሦስት መስመር አለ። አንዱ ረዥም ነው፣ አምስት ፉርጎ ይይዛል፤ ሁለቱ አጫጭር ናቸው፣ ከሦስት በላይ አያስገቡም። የሦስቱም ጫፍ በአንድ ወገን በእንጨት ተዘግቷል፤ በሌላው ወገን ተገናኝተው አንድ አንገት ይሆናሉ። አንገቱ ላይ ደግሞ ፉርጎዎቹን ከሚስበው ጎታች ጋር የሚቆመው ሦስት ፉርጎ ብቻ ነው። አያ ደምሴ የስምንቱን ጭነት ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ኮፍያቸው ውስጥ ይጨምሩና አምስት ዕጣ ያወጣሉ። እነዚያ አምስቱ በወጡበት ተራ ረዥሙ መስመር ላይ መሰለፍ አለባቸው። በእጅ የሚነካው ጎታቹ ብቻ ነው፤ እሱ ይስባል፣ ይገፋል። ማያያዣውን ሽቦ በስንጥር ማላቀቅ ይፈቀዳል። «ፉርጎ በጣት አይነካም!» ይሉ ነበር፣ የጎደለ እጃቸውን ከፍ አድርገው። ደግሞም ፊሽካ ሳይነፋ ጎታቹ አይንቀሳቀስም። እኔ የፊት ጥርሴ ወልቆ ስለነበር ሳፏጭ ምራቄ ሲሚንቶውን ያበሰብሰው ነበር።

ቦታው ጠባብ ነው። አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማስወጣት፣ ያንን ለማስወጣት ደግሞ የሦስተኛውን ማስቀመጫ መፈለግ ነው። ስንት ሳምንት እንደተታገልኩ አላስታውስም። አያ ደምሴ መላውን አይነግሩኝም፤ ስሳሳት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ሻያቸውን ፉት ይላሉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ ደብተሬን ሳላስቀምጥ ነዳጅ፣ ቡና፣ እንጨት፣ ሙዝ፣ ጨው ብዬ አሰለፍኩት። አያ ደምሴ ከወንበራቸው ተነሡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ እንደ ጣቢያ አለቃ ቀጥ ብለው ሰላምታ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሊማር ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። እንዴት እንደኮራሁ!

ኩራቴ ግን ከገና በኋላ ጠፋ። ሙሉን ለማግባት ሽማግሌ እንደተላከ ከእናቴና ከአባቴ ሹክሹክታ ሰማሁ። ሰውየው ከላላ ከተማ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ነው አሉ። ከብት ሊከትብ መጥቶ፣ ገበያ ላይ አይቷት፣ እሷም አይታው ኖሯል። ሳላየው ጠላሁት። ሦስት ላም ወግቶ እህቴን ሊወስድብኝ! ከሙሉ ጋር የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነው፤ እግሬን የማሞቀው በእሷ ነው፤ ጸጉሬን የምትሠራልኝ እሷ ናት። እራቴን መብላት ተውኩ። ትምህርት ቤት ስሄድም ስመጣም ማንንም አላነጋግርም። የሚገርመው፣ ማንም ያየኝ አልመሰለኝም ነበር።

ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ መጥተው «እንመክርበታለን» ተብለው ተመልሰው ነበር። ለመልሱ የተቀጠሩት አንድ ቅዳሜ ነው። ዓቢይ ጾም ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ያን ቀን መልስ ካላገኙ ሠርጉ ከጾሙ በፊት አይደርስም፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሐኪሙ ለክትባት ገጠር ለገጠር ይወጣል፣ ከዚያ ክረምት ይገባና መንገዱ ይዘጋል። ለዓመት ቆየ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በጣቴ ቆጥሬ አውቄው ነበር።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሦስቱ ደረሱ። ዋናው ተናጋሪ ጡረታ የወጡት አስተማሪ አቶ ጓንጉል ናቸው። ሁለተኛው የሐኪሙ ቤተሰብ ጎረቤት፣ የእህል ነጋዴው ሼህ ሰይድ ናቸው። ሦስተኛው የሐኪሙ አጎት ነበሩ፤ ዝምተኛ ሰው፣ ቆሏቸውን ብቻ የሚቆረጥሙ። አባቴ ቀብር ሄዶ አልተመለሰም። አያ ደምሴ እንደ ቤቱ ታላቅ ተቀብለው አስቀመጧቸው። እናቴ ለሼሁ ብርዝ፣ ለሁለቱ ጠላ አቀረበች። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ እህሉ ተወራ፣ ወሬ አለቀ። የአቶ ጓንጉል ዓይን ሳንቃው ላይ አረፈ።

«ይህች ምንድን ናት አቶ ደምሴ?»

አያ ደምሴ ከሰው ሁሉ ይህችን ጥያቄ ሲጠብቁ ነው የሚኖሩት። ተነሥተው አስረዱ። ሼህ ሰይድ ሳቁ።

«ይሄማ የልጅ ጨዋታ አይደል እንዴ! እኔ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስምንት ፉርጎ ያቅተኛል?»

«እስቲ ይሞክሩት» አሉ አያ ደምሴ ኮፍያቸውን እየዘረጉ።

መጀመሪያ በግ ወጣ። ቀጥሎ ቡና፣ ሙዝ፣ ጨው፣ ስኳር። ይህም ማለት የበጉ ፉርጎ ከሁሉም ቀድሞ ገብቶ በተዘጋው የረዥሙ መስመር ጫፍ መቆም አለበት። እሱ ደግሞ አጭሩ መስመር ውስጥ፣ ከሲሚንቶና ከነዳጅ ኋላ ተወትፎ ነበር። ሼህ ሰይድ ፎጣቸውን አወረዱ፣ አቶ ጓንጉል የኮታቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። ፊሽካውን አጎትየው እንዲያፏጩ ተመደቡ። ቆሎ አፋቸውን ሞልቶት እምቢ ሲላቸው ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

«የበጉን መጨረሻ ላይ ከኋላ እንቀጥለዋለን» አሉ አቶ ጓንጉል። አራቱን፣ ቡና፣ ሙዝ፣ ጨው፣ ስኳር፣ አንድ ሰዓት ፈጅተው አሰለፉ። በጣም ደስ አላቸው። ከዚያ ሼህ ሰይድ ጎንበስ ብለው የመስመሩን ጫፍ አዩ።

«ጓንጉል፣ ከኋላ እኮ ግድግዳ ነው!»

ያኔ ነው ነገሩ የመረረው። ሊሞክሩ፣ ሊነጋገሩ፣ ሊከራከሩ ቆዩ። ያሰለፉትን ግን ለመንካት አልደፈሩም። የከላላው መኪና አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። አቶ ጓንጉል ላባቸውን ጠርገው፣

«እንግዲህ ይቅርብን፤ ወደ መጣንበት ጉዳይ ብንገባ» አሉ።

አያ ደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስምንት ፉርጎ ማገናኘት ያቃታቸው ሽማግሌዎች ሁለት ቤተሰብ እንዴት ያገናኛሉ? ይህን ጨርሱና ስለ ልጅቷ እናወራለን።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች። እሳቸው ይቀልዱ ይሁን የምር ይሁን ማናችንም አላወቅንም። ፊታቸው አይነበብም።

እኔ ግን መላውን አይቼዋለሁ! ከቤቱ ሁሉ፣ ከአያ ደምሴ ሌላ፣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ካልኩ መኪናው ይሄዳል፤ መኪናው ከሄደ ሙሉ አትሄድም። ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ወደ ጓዳ ሮጥኩ።

ሙሉ ቆሎ ትቆላ ነበር፤ ግማሹ አሯል።

«ምን ደረሱ?» አለችኝ።

«የበጉ ፉርጎ ቀርቷቸዋል።»

«አንቺ ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

ወደ ቆሎው ዞራ ማማሰሏን ቀጠለች። ትለምነኛለች ብዬ ነበር፤ አልለመነችኝም። በመጨረሻ እኔው፣

«ሳይፈቱት መኪናው ቢሄድ ይከፋሻል?» አልኳት።

«አዎ» አለችኝ። ሙሉ ዋሽታኝ አታውቅም፣ ያን ቀንም አልዋሸችኝም።

«እኔስ? አንቺ ስትሄጂ እኔን አይከፋኝም?»

«ይከፋሻል። እኔም ይከፋኛል። ጸጉሯን ማን ይሠራላታል ብዬ ስንት ሌሊት አስቤያለሁ መሰለሽ።» ይህን ብላ በጭሱ እንዳሳበበች ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ከዚያም ካላረረው በኩል አንድ እፍኝ ቆሎ ዘግና በመዳፌ አፈሰሰችልኝ። ትኩስ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጥኩት ወጣሁ።

ሳሎን ውስጥ ሦስቱም ሳንቃው ላይ አቀርቅረዋል። ሼህ ሰይድ ቀና ብለው አዩኝ።

«ነይ እስቲ አንቺ ልጅ። ይህ ጣቢያ ያንቺም እጅ አለበት አሉ። ወላሂ፣ መላ ካለሽ አሁን ነው።»

አያ ደምሴን አየኋቸው። እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ። ቆሎዬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«ያሰለፋችሁትን አፍርሱት» አልኩ።

«አራቱንም?» አሉ አቶ ጓንጉል።

«አራቱንም። በጉ መጀመሪያ መግባት ነበረበት።»

«ይህን ሁሉ የለፋንበትን?»

ሼህ ሰይድ ጎታቹን ወደ እኔ ገፉልኝ። «አብሽሪ፣ አንቺው አፍርሺው» አሉኝ።

በወላቃ ጥርሴ አፏጨሁ። ስኳሩን፣ ጨውንና ሙዙን ስቤ አወጣሁ፤ ሙዙንና ጨውን ሁለተኛው አጭር መስመር ላይ ከእንጨቱ ፉርጎ አጠገብ አቆምኩ። ስኳሩን ለጊዜው ቡናው ጋር መለስኩት። ነዳጁን፣ ሲሚንቶውንና በጉን አንድ ላይ ጎትቼ፣ በጉን ለጊዜው ረዥሙ መስመር ላይ አስቀርቼ ሁለቱን ወደ ቦታቸው ገፋሁ፤ በጉን ደግሞ ከነሱ ፊት አቆምኩት። አሁን በጉ ከውስጥ ወደ ደጅ ወጣ። ስኳሩንና ቡናውን ይዤ ሄጄ በጉን ከቡናው ጫፍ አያያዝኩና ሁሉንም ወደ ባዶው ረዥም መስመር መለስኳቸው። በጉ ግድግዳውን ነካ። ከዚያ በኋላ የቀረው እዳው ገብስ ነው፤ ስኳሩ ሄዶ ጨውንና ሙዙን ይዞ መጣ። በግ፣ ቡና፣ ሙዝ፣ ጨው፣ ስኳር።

«አጃኢብ ነው!» አሉ አጎትየው። ከገቡ ጀምሮ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

አያ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም። ግን የፈታችው የእኛ ልጅ ናት። ከእናንተ ወገን ማንም አልፈታም።»

አቶ ጓንጉል አስተማሪ ናቸው፣ መልስ አያጡም። «የለም አቶ ደምሴ! ከእኛ ጎን ቆማ ከፈታችማ ከእኛ ወገን ናት። አራተኛዋ ሽማግሌያችን ናት። ነይ ልጄ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ» ብለው እሳቸውና ሼሁ መሃል አስቀመጡኝ። ሼህ ሰይድ ፎጣቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

አባቴ በሩን ከፍቶ ሲገባ ያገኘኝ እንደዚያ ነው፤ ጉልበቴን ገጥሜ፣ ፎጣ ለብሼ፣ በሽማግሌዎች መሃል።

«አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ።

«ልጅዎን ልትጠይቅልን መጥታ ነው» አሉት ሼህ ሰይድ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ በሳቅ ብዛት በሩን ይዛ ተቀመጠች፤ ከጓዳ የሙሉ ሳቅ ተሰማኝ፣ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም። ከዚያ በኋላ «እንመክርበታለን» የሚል ሰው ከየት ይምጣ? መልሱ እዚያው ተሰጠ። ተመርቆ ሲያበቃ ሦስቱ ወደ መናኸሪያ ሲሮጡ አጎትየው የአንድ እግር ጫማቸው ክር እንደተፈታ ነበር። መኪናውንም ደረሱበት።

ሙሉ ከጾሙ በፊት ተዳረች። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አልጋው ሰፍቶኝ ነበር፤ እግሬ ይበርደኛል። ሐኪሙ ግን የጠላሁትን ያህል ክፉ ሰው ሆኖ አልተገኘም። የመጀመሪያውን የትምህርት እረፍት ከላላ ወስዶ ጥጃ ሲከትብ አሳየኝ፣ መርፌውን አስያዘኝ። አያ ደምሴም ሰባት ዓመት ያህል አብረውን ኖረው በሰላም አረፉ፤ ሳንቃውን ለጎረቤት ልጆች ሰጥተውት ነበር፤ ጎማ ጎማው አልቆ ፉርጎው በየደጁ እስኪቀር ተጫወቱበት።

ባለፈው ጥር የሙሉን የመጀመሪያ ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሌ ይመጣል ተብሎ ከደሴ ወደ ከላላ ሄድኩ። ሌሊቱን ከሙሉ ጋር እንደ ድሮው አንድ አልጋ ላይ ተኝተን የዚያን ቅዳሜ ነገር እያነሣን ስንስቅ፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያልነገረችኝን ነገረችኝ። ያን ዕለት ጠዋት አያ ደምሴ ጓዳ ገብተው፣ «ትንሿ እራት ትታለች። እሷ ራሷ ካልለቀቀችሽ እኔ አልሰጥሽም። እንዳትለምኛት ደግሞ» ብለዋት ኖሯል። እኔ ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። ጨለማው ውስጥ የበረደውን እግሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ በራሳቸው መኪና መጡ። ሁሉም ነገር አስቀድሞ በስልክ ያለቀ ነበር፤ ቀኑም፣ አዳራሹም፣ የሚጠራው ሰውም። ቁጭ ብለው ሻይ ሳይጨርሱ መልስ ተሰጣቸው። አልከፋኝም፤ የዛሬ ሰው ሥራ አለበት፣ መንገዱም ተሠርቷል፣ ልጅቷም ደስ ብሏታል። እንደዚያ ቅዳሜ ሆዳችንን ይዘን የሳቅነው ሳቅ ግን አልነበረም። በመሃል የሙሉን የመጨረሻ ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመቷን ቃልኪዳንን፣ በዓይኔ ፈልጌ አጣኋት። ጓሮ ወጣሁ። የበጎቹ በረት አጥር ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እህትሽን ትሰጪናለሽ ወይ ብዬ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ትቀልድብኝ ይሆን ብላ ፊቴን አጥብቃ አየችው። አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«የሚያገባትን መጀመሪያ አምጡትና ላናግረው» አለችኝ።

ተነሥቼ ገባሁና ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው።